ከጠርሙሱ ጀርባ ያለው ስም፦ በጃፓን ሱቆች ስለሚገኙ ብርቅ የፈረንሳይ ወይኖች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፤ በጃፓን ሱቆች ድንገት ስለሚገኙ ያልተለመዱ የፈረንሳይ ወይኖች። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«ፓሪስ ስኖር ፈልጌ ያጣሁትን የዡራ አውራጃ ወይን ቶኪዮ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ አገኘሁት። ፈረንሳይ ውስጥ የጠፋ ወይን ጃፓን እንዴት ተገኘ?» (ከቶኪዮ፣ ካትሱሺካ)

ጃፓኖች ቀድመው ስለደረሱ ነው። ዛሬ ስማቸው የገነነ የዡራ፣ የሎዋርና የቦዦሌ አውራጃዎች ትንንሽ ጠማቂዎች ገዢ አጥተው በነበረበት ጊዜ፣ የጃፓን አስመጪዎች ጓዳቸው ድረስ እየሄዱ ይቀምሱና ይገዙ ነበር። በዓመት ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ብቻ የሚያመርት ገበሬ ስሙ ሲወጣ የክፉ ቀን ደንበኛውን አይረሳም። የጃፓኑ ድርሻ በየዓመቱ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የፓሪሱ ሱቅ ግን ዛሬ ገንዘብ ይዞ ቢመጣም ወረፋ መጠበቅ አለበት።

የሰዉ እውቀትም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የዓለም ምርጥ ሶምሊየ (የወይን ቀማሽና አስተናጋጅ ባለሙያ) ውድድር ያሸነፉት ሺንያ ታሳኪ ጃፓናዊ ናቸው። ከዚያም አልፎ ወይን ሊጠምቁ ፈረንሳይ የገቡ ጃፓኖች አሉ። ኬንጂሮ ካጋሚ ዡራ ውስጥ ዶሜን ደ ሚርዋር የተባለውን የወይን እርሻ መሠረቱ፤ ሂሮታኬ ኦኦካ ደግሞ በሮን ሸለቆ ላ ግራንድ ኮሊንን ካቋቋሙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ኦካያማ ላይ ወይን መትከል ጀመሩ። የእነዚህን ሰዎች ጠርሙስ ለማግኘት ጃፓን ከፈረንሳይ ብትሻል አይደንቅም።

ሰዎች ብዙም የማያነሱት ግብር ሌላው ምክንያት ነው። ጃፓን ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተፈራረመችው የንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2019 ሥራ ላይ ሲውል የወይን ቀረጥ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል። የመጠጥ ግብሩ ደግሞ የሚሰላው በዋጋ ሳይሆን በመጠን ነው፤ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በሊትር 100 የን፣ ማለትም በአንድ መደበኛ ጠርሙስ 75 የን ነው። ተራውም ብርቁም እኩል ስለሚከፍሉ፣ ውድ ወይን የሚያስመጣ ሰው በዚህ ግብር አይቀጣም። ከዚህ ሌላ ገዢው የሚከፍለው የ10 በመቶ የፍጆታ ግብር ነው።

«ጃፓንኛ አላነብም። በመቶ ከሚቆጠሩ ጠርሙሶች መካከል ጥሩውን እንዴት ልለይ?» (ከኦሳካ)

ጠርሙሱን ያዙሩት። ከጀርባው፣ ብዙ ጊዜ ከፈረንሳይኛው ጽሑፍ ጎን ወይም በላዩ ላይ፣ በጃፓንኛ የታተመች ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፋለች። የመጠጡ ዓይነት «ካጂትሱሹ»፣ ማለትም የፍራፍሬ መጠጥ ተብሎ ይጻፋል፤ የአልኮል መጠኑና የጠርሙሱ ይዘት ይከተላሉ፤ ሰልፋይት የተባለው ማቆያ ካለበትም ይገለጻል። ለእርስዎ የሚያስፈልግዎት ግን የአስመጪው ስምና አድራሻ ነው፤ ሕጉ እንዲጻፍ ያስገድዳል።

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ ከፊት ያለውን የታወቀ ስም ከማሳደድ ከኋላ ያለውን አስመጪ መከተል ይሻላል። አንድ ጠርሙስ ቀምሰው ከወደዱት የጀርባውን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ለሻጩ ያሳዩት፤ «የዚህ አስመጪ ሌላ ወይን አለ?» ብለው ይጠይቁ። ትንሽ አስመጪ የሚያመጣው ራሱ ቀምሶ የመረጠውን ነው፤ ምላሱ ከምላስዎ ከገጠመ ስሙን ሰምተው የማያውቁትን ጠማቂ ያለ ስጋት ይገዛሉ። ሻጮቹም በእጅ የተጻፈ ካርድ ከጠርሙሱ ፊት ማቆም ይወዳሉ፤ የስልክዎ መተርጎሚያ ካነበበልዎ ካርዱ ብዙ ይነግርዎታል።

«በ3000 የን አካባቢ ያልተለመደ ነገር ልሞክር። ምን ልፈልግ?» (ከናጎያ)

ከዝነኞቹ የቡርጎኝና የቦርዶ አውራጃዎች መደርደሪያ ይራቁ። ከሎዋር ኩር-ሽቬርኒ የሚለውን ይፈልጉ፤ ሮሞራንታን ከሚባል፣ ሌላ ቦታ እምብዛም ከማይተከል የወይን ዘር ብቻ የሚጠመቅ ነጭ ወይን ነው። አሲዱ ጠንካራ ስለሆነ ከዓሣ ጋር ይስማማል። ከደቡብ ምዕራብ ጋያክ ሞዛክ የተባለ ዘር አለው፤ የበሰለ ፖም ይሸታል። ጣፋጭ ከወደዱ ሪቭዛልትን ይጠይቁ፤ ከሩሲዮን አውራጃ የሚመጣና ጠንካራ አልኮል ተጨምሮበት ጣፋጭነቱ የሚጠበቅ ወይን ሲሆን፣ ለአሥርተ ዓመታት በበርሜል የቆየውም ከእድሜው አንጻር ዋጋው አይከብድም።

ገንዘብ ሲጨምሩ የዡራውን ቫን ዦን (ቢጫ ወይን) ይሞክሩ። ከስድስት ዓመት በላይ በርሜል ውስጥ ሲቆይ በላዩ ላይ የእርሾ ሽፋን ይጋርደዋል፤ የሚሸጠውም 62 ሳንቲሊትር በሚይዝ አጭርና ደንዳና ጠርሙስ ነው። ሽታው ለውዝና ቅመም የተቀላቀለበት ነው። መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ለአሮጌ አይብ ግን ከእሱ የተሻለ ጓደኛ አላውቅም።

«ዝዋይ ላይ ወይን የሚጠምቀው ካስቴል ከጃፓኑ የመጠጥ ኩባንያ ሰንቶሪ ጋር በፈረንሳይ ሽርክና አለው የሚባለው እውነት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሁለቱ ኩባንያዎች ሻቶ ቤይሽቬል የተባለውን የወይን እርሻ በጋራ ይዘዋል። ተለጣፊው ላይ ሸራዋን ዝቅ ያደረገች መርከብ የተሳለችበት ነው። ሰንቶሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የጎረቤቱ የሻቶ ላግራንዥ ባለቤት ነው። ሁለቱም በቦርዶ፣ በሳን-ዡሊያን መንደር ያሉ ሲሆን የ1855ቱ ዝነኛ የቦርዶ ወይኖች የደረጃ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ቀያዮቻቸው ብርቅ አይደሉም። ያልተጠበቀ ነገር ከፈለጉ ሌ ዛሮም ደ ላግራንዥ የሚባለውን ነጭ ወይን ይፈልጉ፤ ሳን-ዡሊያን የሚለው መጠሪያ ለቀይ ብቻ ስለተፈቀደ በቦርዶ ስም ሲሸጥ ቆይቷል።

«የዓመቱ አዲስ የቦዦሌ ወይን፣ ቦዦሌ ኑቮ፣ በኅዳር ሲመጣ ልግዛ?» (ከፉኩኦካ)

ለደስታው አንድ ይበቃዎታል። በኅዳር ሦስተኛው ሐሙስ ነው የሚለቀቀው፤ ጃፓን ከፈረንሳይ በስምንት ሰዓት ስለምትቀድም ቀድማ ትከፍታለች። በአውሮፕላን ስለሚመጣ ግን የጭነቱን ዋጋ ጭምር ይጠጣሉ። በዚያው ገንዘብ በመርከብ የመጣ የሞርጎን ወይም የፍለሪ (ሁለቱም የቦዦሌ መንደሮች ናቸው) ወይን ቢገዙ እመርጣለሁ።

«የመንገዱ ሙቀት ወይኑን አያበላሸውም?» (ከጅቡቲ)

እርስዎ ከሚኖሩበት ወደብ ፊት ለፊት የሚያልፍ መንገድ ስለሆነ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መርከቦቹ የተለመደው መስመራቸው በሱዌዝና በቀይ ባሕር ነበር፤ ከ2023 መጨረሻ በኋላ ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞር ስለጀመሩ ጉዞው ረዝሟል። ሙቀቱ ስለሚያበላሸው ነው ጠንቃቃ አስመጪዎች ማቀዝቀዣ ባለው ኮንቴይነር የሚያስጭኑት፤ ጃፓኖች «ሪፋ» ይሉታል፤ ካርዱ ላይም በኩራት ይጽፉታል። ሱቅ ውስጥ ቡሹ ወደ ላይ የገፋ፣ በአፉ ዙሪያ የወይን ዝቃጭ የደረቀበት ወይም ከእድሜው በላይ የጎደለ ጠርሙስ ካዩ ይተዉት። መስኮት አጠገብ ፀሐይ የሚመታውን ደግሞ በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ።

«ከናሪታ ወደ አዲስ አበባ ስበር ይዤ መሄድ እችላለሁ?» (ከዮኮሃማ)

በሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት፤ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊሊትር በላይ ፈሳሽ ፍተሻውን አያልፍም። የአልኮል መጠኑ ከ24 በመቶ ያልበለጠ መጠጥ በአቪዬሽን ደንብ የመጠን ገደብ የለበትም፤ የጉምሩክ ገደቡን ግን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ጃፓን ውስጥ 375 ሚሊሊትር የሚይዘው ግማሽ ጠርሙስ በቀላሉ ይገኛል፤ በወፍራም ካልሲ ጠቅልለው በልብስ መሀል ያስገቡት።