«እርጅና ነው» ተብለን ተመለስን፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ከልደታ ተነስተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለት ዓመት አልፎናል። ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድን ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ምሳ በልታ «ምሳ አልሰጣችሁኝም» ትላለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁለት ጊዜ ብሎኩ ጠፍቷት ሰው ይዟት መጣ። የግፊትና የስኳር መድኃኒት አላት፤ እንቅልፍ እምቢ ስላላትም ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ትውጣለች። ጤና ጣቢያ ወስደናት «እርጅና ነው» ብለው መለሱን። እውነት እርጅና ነው? ምን ምርመራ ያስፈልጋታል? ሥራ ስንሄድ በሩን ቆልፈንባት መውጣታችንስ ልክ ነው?

መልስ፦ ዕድሜ አእምሮን ያዘገየዋል፤ የበሉትን ምሳ ግን አያስረሳም። በዕድሜ የገፋ ሰው የጎረቤቱ ስም ይጠፋበትና ማታ ላይ ትዝ ይለዋል። መብላታቸው ራሱ ከተሰወረባቸውና ተነግሯቸውም ትዝ ካላላቸው ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ፤ በዚህኛው ጉዞ ግን ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

መንገድ መጥፋቱን ለብቻው ማየት ይገባል። ረጅም ዘመን በኖሩበት ሰፈር እግር ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ሁሉም ብሎክ አንድ መልክ በሆነበት ቦታ ደግሞ ጤነኛ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደናገራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሱ፦ እናትዎ መጀመሪያ ላይ ብቻቸውን ይመላለሱበት የነበረው መንገድ ነው አሁን የጠፋቸው ወይስ ከመጀመሪያውም ለምደውት አያውቁም? ለምደውት ከነበረ ነገሩ ይከብዳል።

ለብዙ ሐኪሞች ቀድሞ የሚታያቸው መለኪያ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 30 ነጥብ የማስታወስ ፈተና ነው። ብዙ ጊዜ ከ24 በታች ያመጣ ሰው ይጠረጠራል። ከ30ው ውስጥ ግን 8ቱ የትምህርት ቤት ነጥቦች ናቸው፦ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ለመቁጠር 5፣ ለማንበብ 1፣ ለመጻፍ 1፣ ሥዕል አይቶ ለመቅዳት 1። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ሌላውን ሁሉ ቢመልሱ እንኳ 22 ላይ ይቀራሉ፤ ሳይታመሙ ታመዋል ይባላሉ። ብዙ የተማረ ሰው ደግሞ ታሞም ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ዲሜንሺያ (ማስታወስንና ማሰብን እያዳከመ የዕለት ኑሮን የሚያውክ የአእምሮ ሕመም) ካለባቸው ሰዎች 66 በመቶው በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች እየኖሩ ከጥናቱ ግን 10 በመቶ የማይሞላው ብቻ ለእነሱ ይደርስ ስለነበር «10/66» ተብሎ የተሰየመ የተመራማሪዎች ቡድን አለ። ቡድኑ በሽተኛውን ከመፈተን ጋር ቤተሰቡን አጥብቆ የሚጠይቀው ፈተናው በትምህርት ስለሚዛባ ነው። ቀን ስንት ነው ከማለት አሁን የትኛው ጾም ላይ ነን፣ ያለፈው በዓል ምን ነበር ብሎ መጠየቅም ለእኛ እናቶች የበለጠ ፍትሐዊ ነው።

ስለዚህ ዋናው መረጃ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። እናትዎን ከእኩያቸው ጋር አታወዳድሯቸው፤ ከ10 ዓመት በፊት ከነበሩት ከራሳቸው ጋር አወዳድሯቸው። በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት፦ መርሳቱ መቼ ጀመረ፣ ቀስ እያለ መጣ ወይስ በድንገት፣ ከዚያ ወዲህ ባሰበት ወይስ ባለበት ቆመ። የእድር ክፍያ ያስታውሳሉ? ሲገዙ የገንዘብ መልስ ይቆጥራሉ? ቡና ማፍላት በጣም ጥሩ መመልከቻ ነው፤ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን መጣድ፣ ማስከን፣ መቅዳት በተራ የሚሄድ ሥራ ነውና፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያፈሉ የኖሩ ሴት ቅደም ተከተሉ ከተምታታባቸው ይህን ለሐኪሙ ንገሩ። ቤት ውስጥ ሠራተኛ ካለች ግን ተጠንቀቁ። ሁሉን እሷ ስለምትሠራላቸው የጎደለው ሳይታይ ዓመታት ያልፋሉ። እሷንም ጠይቋት፤ ብዙ ጊዜ ከልጆች በላይ ታውቃለች።

ከወረቀቱ ጋር በቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውም አይቅር። አሚትሪፕቲሊን በዚህ ዕድሜ በጣም ያሳስበኛል። አእምሮ ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሥራ ያግዳል፤ ግራ ያጋባል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሌሊት ሲነሱ ይጥላል። ዲያዜፓም የተባለው ማስተኛና አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ እንክብሎችም ግራ ያጋባሉ። ሐኪሙ ቀስ እያለ እንዲቀንሰው ጠይቁ፤ ራሳችሁ በአንድ ጊዜ አታቋርጡት።

የስኳሩ መድኃኒት ግሊቤንክላማይድ ከሆነ፣ በተለይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ፣ የደም ስኳራቸው ወርዶ ሊቃዡ ይችላሉ። ግራ ሲጋቡ ወዲያው ስኳራቸውን ለኩ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። መዋጥ ካልቻሉ በአፋቸው ምንም አትስጡ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሜትፎርሚን ከሆነ ደግሞ ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ይቀንሳል። ቢ12 ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚገኝ ነው። ጤነኛ ሰው ጉበቱ ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጾም ብቻውን አይጎዳውም፤ ሜትፎርሚን፣ ያረጀ ጨጓራና ረጅም ጾም ሲደራረቡ ግን እጥረቱ ይመጣል። ከተገኘ በመርፌ ይተካል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የግፊት መድኃኒትም በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አውርዶ ሰውን ሊያፈዝ ይችላል።

ስለዚህ የምትጠይቁት ምርመራ ይህ ነው፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቢ12፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ። ግፊታቸው ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን ከቆሙ በኋላም ይለካ፤ ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒቱ መታየት አለበት። ጆሮአቸው ይታይ፤ ኩክ ደፍኖት የማይሰማ ሰው እንደሚረሳ ሰው ይመስላል። ዓይናቸውም እንዲሁ። ባለፉት ወራት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከመቱ፣ ቀላል ቢመስልም፣ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፤ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም በሳምንታት ውስጥ ሰውን ያፈዛልና። ጤና ጣቢያው የማይሠራውን ሪፈር አስጽፋችሁ በአቃቂ ቃሊቲ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል መጠየቅ ትችላላችሁ።

ድባቴንም አትርሱ። እናትዎ ቤት ብቻ አልለወጡም፤ እድራቸውን፣ ማኅበራቸውን፣ ቡና የሚጠራሯቸውን ጎረቤቶች ጥለው ነው የመጡት። ከምግብ መራቅ፣ ሌሊት ነቅቶ ማደር፣ «ምን ዋጋ አለኝ» ማለት ካለ ለሐኪሙ ይነገር፤ ድባቴ በራሱ ያስረሳል፣ ይታከማልም። መብራት ሲጠፋ በተዘጋ ክፍል ከሰል የምታነዱ ከሆነም አቁሙ፤ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አንጎል ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ታይቶ መርሳቱ ከቀጠለ ዲሜንሺያ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር የሚባለው ዓይነት ነው። ዶኔፔዚል የሚባል መድኃኒት አለ፤ በአንዳንዱ ሰው ምልክቱን ለጊዜው ያቀላል፣ አያድንም። ግፊትን መቆጣጠር ግን ዋጋ አለው፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ከ9,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ለማድረግ የታከሙት ሰዎች ከ140 በታች ከተባሉት ይልቅ ቀላል የማስታወስ ችግር በ19 በመቶ ያነሰ እንደገጠማቸው አሳይቷል፤ በዲሜንሺያ ላይ ግን ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም። 120ን ራሳችሁ አታሳድዱ፤ ሲቆሙ ግፊታቸው የሚወርድ ከሆነ ይወድቃሉ።

በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከተቃዡ፣ ከፈዘዙ፣ ትኩሳት ከያዛቸው ወይም አፋቸው ከተጣመመ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ።

በሩን መቆለፉን ተዉት። ምድጃ ተጥዶ እሳት ቢነሳ መውጫ የላቸውም፤ መታፈኑም ራሱ ያስደነግጣቸዋል። ስትወጡ የሚቀመጥ ሰው ፈልጉ፣ ምድጃውን ከሶኬት ነቅላችሁ ውጡ፣ መድኃኒቱን የየቀኑን ለይታችሁ ሌላውን ሰውሩት። በራችሁ ላይ ከሌላው የሚለይ ቀለም ያለው ጨርቅ እሰሩ። ለብሎኩ ጥበቃና ለታችኛው ሱቅ ነገሩን ግለጹላቸው። የብሎክና የቤት ቁጥሩን ከሁለት ስልክ ጋር በጨርቅ ላይ ጽፋችሁ በቀሚሳቸው ውስጥ በኩል ስፉት፤ አንዱ ስልክ ቀን ቀን የሚያነሳ ሰው ይሁን።