የባሕር ዛፍ ጉቶና የማሽኑ ጥርስ

ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ስለ ጉቶ መፍጫ ማሽን የቀረቡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስበናል። ማሽኑ በሚሽከረከር ዲስክ ዙሪያ በታሰሩ ጥርሶች ጉቶን የሚፈጭ ሲሆን፣ በወሎ እንደ ቼይንሶ ገና አልተለመደም። ያላቸው ሰዎች የሚያነሱት ቅሬታ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ጥርሱ ቶሎ አለቀ የሚል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ተደራጅተን የምንሠራ ወጣቶች ነን። ባለ 25 ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ጉቶ መፍጫ ገዝተን በቦሩ ሜዳና በጢጣ አካባቢ የባሕር ዛፍ ጉቶ እናነሳለን። አዲስ ጥርስ ባሰርን በሁለተኛው ቀን ይዶለዱማል። ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎ ይምላል። ጥፋቱ የጥርሱ ነው የእኛ?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የጉቶ መፍጫ ጥርስ አካሉ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ በብር ብየዳ የተጣበቀው ቁራጭ ግን ተንግስተን ካርባይድ ይባላል። (በያጆች ውኃ ውስጥ ጨምረው ጋዝ ከሚያወጡበት ካርባይድ ጋር እንዳይምታታባችሁ።) ከብረት በጣም ይጠነክራል፤ ሲመታ ግን እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት ብቻውን በሁለት ቀን አያዶለዱመውም። ይህን የሚያደርገው ድንጋይና አሸዋ ነው።

በእኛ ደጋ ባሕር ዛፍ የሚተከለው ብዙ ጊዜ ለእህል በማይመች ድንጋያማ ተዳፋት ወይም በእርከን ጠርዝ ላይ ነው። ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን አቅፎ ያድጋል። ላዩ ንጹሕ የመሰለ ጉቶ ሥሩ ሲደረስ ጥቁር ድንጋይ ይወጣዋል። ስለዚህ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት በጉቶው ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በዶማ ቆፍሩ፣ ድንጋዩን በእጅ ልቀሙ፣ ቅርፊቱ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በመጥረጊያ አራግፉ። በአጥር መስመር የነበረ ዛፍ ከሆነ እንጨቱ የዋጠው ሽቦና ምስማር መኖር አለመኖሩንም ፈትሹ። ይህ ለአንድ ጉቶ ሩብ ሰዓት ይወስድ ይሆናል፤ ከአንድ ሙሉ ጥርስ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን ምንም አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ የእናንተ 25 ፈረስ ጉልበት እዚያ ላይ ወደ 19 ይወርዳል። ኮምቦልቻ (1,850 ሜትር አካባቢ) ወርዳችሁ ብትሠሩ ትንሽ ይሻላል። ሞተሩ ሲደክም የዲስኩ ፍጥነት ይወርዳል፣ ጥርሱ መቁረጡን ትቶ እንጨቱን ይፈትጋል፣ ፍትጊያው ያሞቀዋል፤ የሞቀ ጠርዝ ደግሞ አይቆይም። ቆላ ላይ በግማሽ ስለት የሚሠራ ማሽን ደጋ ላይ እንቢ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ካርቡራተሩ ቤንዚን እያበዛ ነውና ለከፍታ የሚሆን ጠበብ ያለ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ዕቃ) ጠይቁ።

አሠራራችሁንም እንዲሁ ፈትሹት። ነዳጅ ሙሉ ተሰጥቶ ዲስኩ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ከጉቶው ፊት ለፊት ጠርዝ ጀምሩ። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ጥረጉ፣ ከዚያ እንደገና ዝቅ አድርጉ። ዲስኩን መሐል ላይ ቀጥ አድርጎ መጫን ቺንጊያውን ያንሸራትታል፣ ጥርሱንም ያቃጥላል። ከማሽኑ የሚወጣውንም ልብ በሉ። ስለታም ጥርስ ሻካራ ስብርባሪ ያወጣል። ዱቄት ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ እየዘለለ የተቃጠለ እንጨት ከሸተታችሁ፣ ሥራ አቁማችሁ ጥርስ የምትመለከቱበት ሰዓት ደርሷል።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ጥርስ ከአዲስ አበባ ላዝዝ ብደውል «የትኛውን ዓይነት?» ብለው ግራ አጋቡኝ። ማሽኑ የአሜሪካ ነው፤ መጽሐፉ የለም። መሬታችን ድንጋያም ነው።

መልስ፦ ሁለት ዓይነት ጥርስ በብዛት ያጋጥምዎታል። አንደኛው አራት ማዕዘን እግር ያለው ነው። ይህ ግራ፣ ቀኝና ቀጥ ያለ ተብሎ ስለሚለያይ ከእያንዳንዱ ስንት እንደሚያስፈልግ ዲስኩ ላይ ቆጥረው ይዘዙ፤ ግራው በቀኙ ቦታ አይሠራም። ሁለተኛው ክብ ራስ ያለው ነው። አንዱ ጠርዝ ሲዶለዱም ቡሎኑን አላልተው ሲሶ ዙር ያዞሩታል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጠርዝ ያገለግልዎታል። ማሽኑ የሚቀበለው ከሆነ ለእንደ እርስዎ ዓይነት መሬት ክቡን እንመርጣለን። ምክንያቱም ሞረድ ቤት ሳይሄዱ እዚያው ማሳ ላይ አዲስ ጠርዝ ያገኛሉ።

ስለ ካርባይዱም ይጠይቁ። ኮባልት የበዛበት ጠንካራነቱ ትንሽ ቢቀንስም ምት ይችላል፤ ኮባልት ያነሰበት ስለቱ ይቆያል፣ ድንጋይ ሲነካ ግን ይሸረፋል። ለሻጩ «ለድንጋያም መሬት፣ ወፍራም ጫፍ ያለው» ካሉት በቂ ነው። ቀጭንና ሹል ጫፍ ለንጹሕ አፈር ነው።

ከመደወልዎ በፊት የሚከተሉትን ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የያዘው ስምና ቁጥር፣ የዲስኩ ስፋትና ውፍረት፣ የጥርሱ መቀመጫዎች ብዛት፣ የጥርሱ እግር ወርድ፣ የቡሎኑ ውፍረትና የቡሎኑ ጥርስ ርቀት። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የአሜሪካ ማሽን ቡሎን በኢንች ሊሆን ይችላል። ባለ አምስት ስምንተኛ ኢንች ቡሎን 15.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ከ16 ሚሊ ሜትሩ አይለይም። በግድ ሲያስገቡት ጥቂት ዙር ይገባና የመቀመጫውን ጥርስ ይበላዋል። አሥር የቡሎን ጥርስ በማስመሪያ ይለኩ። 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተራው የ16 ሚሊ ሜትር ቡሎን ነው። 23 ከሆነ ባለ ሻካራ ጥርስ ኢንች፣ 14 ከሆነ ባለ ደቃቅ ጥርስ ኢንች ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። የጉቶ መፍጫ ጥርስ እንድስል ይመጣልኛል። በግራይንደር ስነካው ድንጋዩ ይንሸራተታል እንጂ አይስልም፤ ውኃ ውስጥ ስከተውም ጫፉ ተሰነጠቀ።

መልስ፦ ግራጫው ተራ የመሳያ ድንጋይ ለብረት ነው፤ ካርባይድን አይቆርጥም። ገጹ አብረቅርቆ ይለሰልስና ሙቀት ብቻ ያወጣል። የሚያስፈልግዎት አረንጓዴው የሲሊኮን ካርባይድ ድንጋይ ወይም የአልማዝ ዲስክ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ጥርሱን ከማሽኑ ፈትተው ሞርሳ ላይ ያስሩት፤ የትኛው መቀመጫ ላይ እንደነበረ በማርከር ቁጥር ይስጡት። ከካርባይዱ ሥር ያለው ብረት ወደ ፊት ከወጣ መጀመሪያ በግራጫው ድንጋይ ብረቱን ብቻ ወደ ኋላ ያጉድሉ። አልማዝ ብረት ላይ ሲሠራ ቶሎ ያልቃል፣ ገጹም ይደፈናል። ከዚያ ካርባይዱን በአረንጓዴው ድንጋይ (ከ60 እስከ 80 ቁጥር) ወይም በአልማዙ ቀለል አድርገው፣ በአንድ ንክኪ ከአምስት ሰከንድ ሳያሳልፉ ይሳሉ። ፋብሪካው የሰጠውን የጠርዝ ማዕዘን አይለውጡ። ምላጭ ላድርገው ብሎ ማሾል የመጀመሪያው ጉቶ ላይ መሸረፍን ያመጣል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሱ ይበቃል።

ሲሞቅ ቁጭ አድርገው በአየር ያብርዱት። ካርባይድና ብረት በሙቀት እኩል አይለጠጡም። ድንገት ውኃ ሲነካቸው ካርባይዱ ይሰነጠቃል፤ የእርስዎም የተሰነጠቀው በዚህ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ የብር ብየዳው ይላላና ጫፉ በሥራ ላይ ተነቅሎ ይበራል። የካርባይዱ ግማሽ ካለቀ፣ ወይም ስንጥቅ ከታየበት፣ ለደንበኛው አዲስ እንዲገዛ ይንገሩት።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የዚህ ዱቄት ኮባልት አለበት፤ ሳንባ ይጎዳል። አፍ ላይ ነጠላ መጠቅለል አያድንም። ጥሩ የአቧራ ጭምብል ያድርጉ፣ በር ይክፈቱ፣ እጅዎን ሳይታጠቡ እንጀራ አይቁረሱ።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ አንድ በያጅ ከባሌስትራ ጥርስ ሠርቼ ዲስኩ ላይ ልበይድልህ አለኝ። በጣም ርካሽ ነው።

መልስ፦ አይሞክሩት። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ለዶማና ለማረሻ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ግን ከካርባይድ ጋር አይወዳደርም። ሲበየድ የነበረው ጥንካሬ በሙቀቱ ይበላሻል፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከር ዲስክ ላይ አንድ ቁራጭ ቢነቀል የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። እንደዚያ ባይሆን እንኳ በእጅ የተቆረጡት ጥርሶች ክብደታቸው እኩል ስለማይሆን ኩሽኔታውን ይጨርሱታል። ርካሹ ያኔ ይወደዳል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ማሽናችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ጥርስ ቀየርን፣ አልተሻለውም። አንደኛው ቡሎንም ራሱ ተቆርጦ ጠፋ።

መልስ፦ በቅድሚያ ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቁ፤ ሞተር ከጠፋ በኋላም ይዞራል። ከዚያ በእንጨት ደግፋችሁ አስቁሙት።

መንቀጥቀጡ የመጣው ከቀየራችኋቸው ሁለት ጥርሶች ራሳቸው ሊሆን ይችላል። አዲስ ጥርስ ካረጀው ይከብዳል። አንዱን ስትቀይሩ በዲስኩ ማዶ ትክክል ፊት ለፊቱ ያለውንም አብራችሁ ቀይሩ። የወጣው አሮጌ ጥርስ ጥሩ ከሆነ ለሌላ ቀን ይቀመጥ። ቀጥሎ መቀመጫውን ጠርጉና እዩ። ጭቃና ዝገት ካለ ጥርሱ ተደላድሎ አይቀመጥም፤ ቡሎኑ የጠበቀ መስሎ በሥራ ላይ ይላላል። መቀመጫው ራሱ ተበልቶ ከሰፋ አዲስ ጥርስ አያድነውም፤ የሚቀየረው መቀመጫው ነው። በመጨረሻም ቺንጊያውን አላልታችሁ ዲስኩን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ችግሩ የኩሽኔታ ነው።

ቡሎኑ የተቆረጠው ከገበያ የተገዛ ተራ ቡሎን ስለሆነ እንደሆነ እንገምታለን። ራሱ ላይ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ታትሟል? ምንም ካልተጻፈበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሌሎቹ የማሽኑ ኦሪጅናል ቡሎኖች የያዙትን ቁጥር የያዘ ግዙ፤ አንዴ የተለጠጠውንም መልሳችሁ አትሰሩ። የማሽኑ መጽሐፍ ካለ በዚያ ልክ አጥብቁ። ከሌለ ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን 8.8 ከሆነ 80፣ 10.9 ከሆነ 115 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) የተለመደ ልክ ነው። ይህን ኃይል የሚለካ ቶርክ ቁልፍ የለንም ለሚሉ፦ 60 ሳንቲ ሜትር እጀታ ያለው ቁልፍ ጫፍ ላይ የእጅ ሚዛን አስራችሁ ቀጥ ብሎ በጎን ሲሳብ 14 ኪሎ ካሳየ 80 አካባቢ፣ 20 ኪሎ ካሳየ 115 አካባቢ ነው። ይህ ለደረቅ ቡሎን ነው፤ ዘይት የተቀባ በዚሁ ኃይል ከልክ በላይ ይጠብቃል። ግማሽ ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ አቁማችሁ ሁሉንም እንደገና ፈትሹ።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ እንዴት ከረማችሁ ልጆቼ። ገብስ ልዘራበት ያሰብኩት ማሳ ዳር ሃያ የሚሆን የነጭ ባሕር ዛፍ ጉቶ አለ፤ በቆረጥነው ቁጥር ያቆጠቁጣል። ማሽን ልከራይ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አባታችን፣ ጤናዎ ይብዛ። ለሃያ ጉቶ ማሽን ባይከራዩ እንመርጣለን። ነጭ ባሕር ዛፍ የሚያቆጠቁጠው ከጉቶው ቅርፊትና ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ካለው እብጠት ነው፤ ርቆ የሄደው የጎን ሥር አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ዙሪያውን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አስቆፍረው፣ የጎን ሥሮቹን በመጥረቢያ አስቆርጠው፣ ጉቶውን ከነእብጠቱ ቢያስነቅሉት ይበቃል። የተነቀለው ደግሞ ለክረምት ማገዶ ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ስብርባሪ ያደርገዋል። መፍጫ የሚያዋጣው ዶማ በማይደፍረው ቦታ፣ የቤት መሠረት ወይም የአጥር ግንብ አጠገብ ሲሆን ነው።

ምናልባት ቢከራዩ ከመሬት በታች ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይውረዱ ብለው ይዋዋሉ፤ ላይ ላዩን ከፈጩት በቀጣዩ ክረምት ተመልሶ ይወጣል። ስብርባሪውን ደግሞ ማሳው ውስጥ አያርሱት። እንጨት ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ስለሚወስድ ገብሱ ቢጫ ይሆናል። በአካፋ አውጥተው ከፍግ ጋር ከምረው ዓመት ያቆዩት። ጉድጓዱን በአፈር ሲሞሉት ከመሬቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አንድ ክረምት ሲዘንብበት ይረግጋል።