ልጆቻችሁን ይዛችሁ አሜሪካ ለምትሄዱ የጎንደር ወላጆች፦ የትምህርት ቤት ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ረዳት መምህርና አስተርጓሚ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ጎንደር ነኝ። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ።

ወረቀታችን ገና አላለቀም። ልጄን ይቀበሏታል? (እናት፣ አዘዞ)

ይቀበሏታል፣ እህቴ። ከቴክሳስ በመጣ ክስ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. ወስኗል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መኖሪያ ፈቃድ የለውም ብሎ ልጅን መመለስ አይችልም። ክፍያም የለም። የሚጠይቁሽ የቤት አድራሻ፣ የዕድሜ ማስረጃና የክትባት ካርድ ነው። ካርዱን አደራ! ካርዱ የጠፋበት ልጅ እንደ አዲስ ሲከተብ አይቻለሁ።

የልደት ቀኑንም አስተካክላችሁ አስተርጉሙ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ 8 ይደምራል። ኅዳር 2010 የተወለደ ልጅ ግን በፈረንጆቹ የ2017 ልጅ ነው፤ ሚያዝያ 2010 የተወለደው ነው 2018 የሚሆነው። በዚህች ስህተት ልጁ አንድ ክፍል ወደኋላ ሊቀር ይችላል።

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ደካማ ነው። ወደ ታች ያወርዱት ይሆን? (አባት፣ ማራኪ)

አብዛኛውን ጊዜ የሚመድቡት በዕድሜው ነው፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ የምትናገሩትን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ያስሞሉሃል። ከዚያ በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ይፈትኑታል። እንግሊዝኛው ካልበቃ ኢኤስኤል የሚባል ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጡታል። ይህም ቢሆን በትግል የመጣ መብት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ከስሰው በ1974 እ.ኤ.አ. ረትተዋል። ፍርድ ቤቱ ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ እንደሌላው ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር መስጠት ብቻ እኩልነት አይደለም አለ።

አንዳንድ ወላጆች ልጃችን ሰነፍ እንዳይባል ብለው ቅጹ ላይ «እንግሊዝኛ ብቻ» ይጽፋሉ። እባካችሁ፣ እንዲህ አታድርጉ። እርዳታው የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።

እዚህ የተማርኩት ይቆጠርልኛል? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀሃ)

ሊቆጠርልሽ ይችላል፤ ለዚህ ግን ትራንስክሪፕትሽን (የውጤት ማስረጃሽን) አስተርጉመሽና አሳሽገሽ ያዢ። ከሄድሽ በኋላ ከዚያ ሆኖ ማስላክ መከራ ነው።

እንግሊዝኛ አልችልም። ከመምህሯ ጋር ስገናኝ ልጄ ታስተርጉምልኝ? (እናት፣ አራዳ)

በፍጹም! ቀደም ብለሽ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። እኔ በሠራሁበት ትምህርት ቤት ወላጅ ለዚህ አንድ ሳንቲም አይከፍልም ነበር። አንድ ጊዜ አስተርጓሚ ስላልተጠራ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ታናሽ ወንድሟ ማንበብ እንዳልቻለ ለእናቷ እንድትነግር ተደረገ። ሁለቱም እዚያው አለቀሱ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የልጅ ልጄ አማርኛውን ይረሳው ይሆን? (አያት፣ አዘዞ)

ካልተናገረው ይረሳዋል፣ እማማ። እናትና አባቱ ቤት ውስጥ በአማርኛ ያውሩት። በአማርኛ ማንበብ የለመደ ልጅ የእንግሊዝኛውንም ንባብ ቶሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ፊደሉን ይጨርስ። እርስዎም ሲደውሉለት ተረት ይንገሩት፤ መልሶ እንዲነግርዎትም ይጠይቁት።