ወደ ዋሽንግተን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ከዋሽንግተን ሃያ ሰዓት?

ጥያቄ፦ ልጄን ለመጠየቅ ባለፈው ሐምሌ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ሄጄ ነበር። ከቦሌ ማታ 4፡30 ተነሥተን በማግሥቱ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ደረስን፤ በነሐሴ ስመለስ ደግሞ ከረፋዱ 5፡00 ተነሥተን ቦሌ የገባነው በማግሥቱ ከንጋቱ 1፡00 ሰዓት ነው። ስቈጥረው መሄጃው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው ሃያ ሰዓት ይሆንብኛል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ይህን ያህል ተለያየ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ረጅሙ ጉዞ መሄጃው ነው። በቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻም የመድረሻም ሰዓት እንደየአገሩ አቈጣጠር ነው። (22፡30 የተባለውን ማታ 4፡30 ብለው መመለስዎ ራሱ ያስመሰግናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።) በክረምታችን ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ ይህን በመሄጃው ላይ ደምረው ከመመለሻው ቢቀንሱ መሄጃው 16 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 13 ሰዓት ይመጣልዎታል።

የአየር ርቀቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ቢወጥሩ ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በስፔን በኩል ያልፋል፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር አውሮፕላን ይህን በ13 ሰዓት አካባቢ ይጨርሰዋል። የመመለሻዎ ሰዓት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

በመሄጃው የተጨመረው ሦስት ሰዓት ተኩል በአመዛኙ የቦሌ ከፍታ ዕዳ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ደብረ ብርሃን ከቦሌም በ500 ሜትር ያህል ስለምትበልጥ የስስ አየርን ጠባይ እርስዎ በጓዳዎ ያውቁታል፤ የባቄላ ንፍሮ ከሸዋ ሮቢት ይልቅ እናንተ ዘንድ ዘግይቶ የሚበስለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጭነት መኪናም ጣርማበርን ሲወጣ የሚያቃስተው በዳገቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መንገደኛውን፣ ጓዙንና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ ከቦሌ መነሣት ስለሚከብድ፣ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል፤ ይህ ለዓመታት ይደረግ የነበረው በአየርላንድ ከተማ በደብሊን ነበር። የዋሽንግተኑ የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ከዚያ የሚነሣው አውሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ ያለ ዕረፍት ቦሌ ይገባል።

ነፋሱም ያግዛል፤ ከፍ ባለው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲሄዱ ከፊት፣ ሲመለሱ ከኋላ ነው።

በበጋ የሚሄዱ ከሆነ፣ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ልዩነቱን 8 ሰዓት አድርገው ይቍጠሩ። ያን ጊዜ እርስዎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልክ ሲደውሉ፣ ልጅዎ ዘንድ ገና እኩለ ሌሊት ነው።