አሮጌ የንግድ ዩኤችኤፍ ሪፒተርን ወደ 70 ሴንቲሜትር ባንድ ማምጣት፦ ጥያቄና መልስ

የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ የንግድ ሬዲዮ ተጠቃሚዎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 12.5 ኪሎኸርዝ ጠባብ ቻናል እንዲገቡ ካስገደደ ወዲህ ብዙ ጠንካራ ሪፒተሮች (በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰሙትን ወዲያው በሌላ የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች) ከሥራ ወጥተው በርካሽ ይሸጣሉ። የትርፍ ጊዜ ሬዲዮ ተጠቃሚዎች፣ አማተሮች፣ በ70 ሴንቲሜትር ባንድ (በአሜሪካ ከ420 እስከ 450 ሜጋኸርዝ) አሁንም በሰፊው በ5 ኪሎኸርዝ ዲቪዬሽን (ድምፁ ፍሪኩዌንሲውን ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝበት መጠን) ስለምንሠራ ለነሱ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ለኛ ልክ ነው። የተላኩልኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። በግልጽ ካልተናገርኩ በቀር ቁጥሮቹ የአሜሪካ ናቸው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ሞዴል ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ከሞዴሉ በፊት ዕቃው የተሠራበትን የፍሪኩዌንሲ ክልል እይ። የሞቶሮላ ኳንታር አር2 ከ438 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ስለሚሸፍን ለ440ዎቹ ምንም ማሻሻያ አይፈልግም። ፕሮግራም ማድረግና የተቀባዩን የፊት ማጣሪያ ማስተካከል ይበቃዋል። አር1 ግን ከ403 እስከ 433 ነው፤ በውጭ ሲታይ መንትያ ቢመስልም ለ440 አይሆንህም። የጂኢ ማስተር 2 በክሪስታል የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ነው፤ ተቀባዩ ግን ዛሬም የሚያስከብር ነው። የሞቶሮላ ጂአር300 በአንድ ሳጥን የታሸጉ ሁለት የመኪና ሬዲዮዎች ናቸው። ለቀላል አገልግሎት ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ወሬ ለሚጨናነቅበት ጣቢያ ግን አልመክረውም።

ጥያቄ፦ በእጄ ያለው ከ450 እስከ 470 ነው። ወደ 444 ይወርዳል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ሦስት ቦታ ትሠራለህ።

አንደኛው ፍሪኩዌንሲውን የሚፈጥረው ክፍል ነው። ክሪስታል ከሆነ አዲስ ማስቆረጥ ወይም በሲንተሳይዘር (ፍሪኩዌንሲውን በፕሮግራም በሚፈጥር ክፍል) መተካት አለብህ። ብዙ አማተሮች ያዙበት የነበረው የኦክላሆማው ኢንተርናሽናል ክሪስታል በ2017 ስለተዘጋ አማራጩ ጠብቧል፤ ሪፒተሩን ከመግዛትህ በፊት ክሪስታሉን የሚቆርጥልህን ፈልግ። ሲንተሳይዘር ያለው ከሆነ ደግሞ ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ተቀበለ ማለት ፍሪኩዌንሲውን የሚያመነጨው ኦሲሌተር ቆለፈ (ጸንቶ ያዘው) ማለት አይደለም። የመቆለፊያውን ቮልቴጅ በመፈተሻ ነጥቡ ለካ። የሰርቪስ ማኑዋሉ ከሚፈቅደው ጠርዝ ላይ ከተጠጋ በትሪመሩ (በሚዞረው ትንሽ ማስተካከያ) ወደ መሃል መልሰው። ጠርዝ ላይ የተተወ ኦሲሌተር በሞቀ ክፍል ይሠራል፣ ክረምት ላይ ማማው ሥር ቅዝቃዜ ሲመጣ ይለቃል፣ አስተላላፊውም ዝም ይላል።

ሁለተኛው የተቀባዩ የፊት ማጣሪያ፣ ሄሊካሉ ነው። ከ455 ወደ 445 መውረድ 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም ማጣሪያው ጠባብ ስለሆነ ሳይስተካከል ከቀረ ብዙ ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል ብርታት መለኪያ) ይበላል። በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ ደካማ ሲግናል ስጠው፣ ከአንቴና በኩል ጀምረህ የማስተካከያ ብሎኖቹን በተራ አስተካክል፣ መስማቱ በተሻሻለ ቁጥር ሲግናሉን ቀንስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ኤፍኤም ተቀባይ በጠንካራ ሲግናል ስለሚጠግብ ማጣሪያው ቢዛነፍም ለውጡ አይታይህም። ግብህ 0.35 ማይክሮቮልት፣ ማለትም −116 ዲቢኤም ገደማ፣ ላይ 12 ዲቢ ሲናድ (ድምፁ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካበት) ማግኘት ይሁን።

ሦስተኛው አስተላላፊው ነው። ማጉያው ራሱ ሰፊ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ከኋላው ሰርኩሌተር (ከአንቴና የሚመለሰው ኃይል ማጉያውን እንዳይመታ የሚያዞር ዕቃ) ካለ ግን እሱም ለ450–470 የተስተካከለ ነውና ተመላሽ ኃይሉን ለካ። በመጨረሻ በስፔክትረም አናላይዘር ተመልክተህ ንጹሕ መሆኑን ሳታረጋግጥ አንቴና አትስጠው።

ጥያቄ፦ ዱፕሌክሰሩ (አስተላላፊውና ተቀባዩ በአንድ አንቴና እንዲሠሩ የሚለያያቸው ማጣሪያ) አብሮት መጥቷል። እንዳለ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይሆንም። ለቀድሞው ባለቤት ፍሪኩዌንሲ የተስተካከለ ነው፤ 10 ሜጋኸርዝ ርቀህ ኃይል ብትሰጠው ኃይሉ ተመልሶ ማጉያውን ይመታል።

ለ50 ዋት አስተላላፊ በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት በያንዳንዱ ወገን ከ75 እስከ 85 ዲቢ መለያየት ያስፈልግሃል። ይህ ሁለት ሥራ ነው፦ በመቀበያው ወገን የአስተላላፊውን ዋና ሲግናል መግታት፣ በማስተላለፊያው ወገን ደግሞ አስተላላፊው በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚረጨውን ጫጫታ መግታት። ሁለተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። እዚያ የገባ ጫጫታ አንዴ በተቀባዩ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከወደቀ በኋላ ምንም የመቀበያ ማጣሪያ ሊያወጣው አይችልም።

ባለ ስድስት ካቪቲው (ካቪቲ ማለት በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚስተካከል የብረት ክፍል ነው) ትንሹ የመኪና ዱፕሌክሰር ለ50 ዋት ይበቃል፣ ብዙውን ጊዜም ወደ 440ዎቹ ይወርዳል። 1.5 ዲቢ ቢበላ ከ50 ዋት 35 ያህሉ ይወጣል፤ ይህ የተለመደ ነው፣ አትደንግጥ። የንግድ ሪፒተሮች በ450–470 ዝቅ ባለው ፍሪኩዌንሲ አስተላልፈው 5 ሜጋኸርዝ ከፍ ባለው ይቀበላሉ። በአካባቢህ የአማተር ዕቅድ ግልባጩ ከሆነ ዱፕሌክሰሩን ማፍረስ አያስፈልግም፤ የአስተላላፊውንና የተቀባዩን ኬብል ማቀያየር ይበቃል። ዝቅተኛ የተባለው በር ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ይይዛል።

ጥያቄ፦ በናኖቪኤንኤ (ማጣሪያና አንቴና በሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ማስተካከል እችላለሁ?

መልስ፦ ግማሽ መንገድ ያደርስሃል። የተለመደው ትንሹ ናኖቪኤንኤ በዚህ ባንድ ከ60 እስከ 70 ዲቢ ገደማ ላይ የራሱን ጫጫታ ማየት ይጀምራል፤ 80 ዲቢ የሚደርስ ኖች (ማጣሪያው አንድን ፍሪኩዌንሲ የሚገታበት ጉድጓድ) ቢኖርህ ወለሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታይሃል እንጂ ትክክለኛውን ጥግ አታገኝም። ስለዚህ ካቪቲዎቹን በተናጠል ወይም በጥንድ እያየህ ጀምር፣ የማትለካበትን በር በ50 ኦም ዝጋ፣ መጨረሻውን በሲግናል ጀነሬተርና በራሱ በሪፒተሩ ተቀባይ ጨርስ፦ በአስተላላፊው ፍሪኩዌንሲ ጠንካራ ሲግናል ከፊት አስገባ፣ የተቀባዩን ቻናል ለጊዜው እዚያው ላይ አድርግ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የማስተካከያ ብሎኑን አዙር። የመቆለፊያ ነትን ስታጠብቅ ኖቹ ይንሸራተታል፤ ካጠበቅህ በኋላ እንደገና ለካ።

ጥያቄ፦ ሪፒተሩ ሩቅ ይሰማል፣ ሩቅ ያሉትን ግን አይሰማም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከተላኩት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፣ መልሱም ኃይል መጨመር አይደለም። ተቀባዩ በገዛ አስተላላፊው እየደነቆረ ነው። 10 ዲቢ ብትደነቁር በእጁ 5 ዋት የያዘ ሰው ለሪፒተሩ ግማሽ ዋት እንደያዘ ይሆናል። ሳትለካ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

እንዲህ ለካ። በአንቴናው በር ላይ ደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን የሚውጥ ዕቃ) አድርግ፤ በመሃሉ ደካማ መጋጠሚያ ባለው ቲ ወይም በዳይሬክሽናል ካፕለር የጀነሬተሩን ሲግናል አስገባ። አስተላላፊው ጠፍቶ 12 ዲቢ ሲናድ እስክታገኝ ደረጃውን አስተካክልና መዝግብ። አሁን አስተላላፊውን አብራ። ሲናዱ ከወረደ ወደ 12 እስኪመለስ ጀነሬተሩን ከፍ አድርግ። የጨመርከው ዲቢ የመደንቆርህ መጠን ነው። ከ1 ዲቢ በታች ከሆነ ደህና ነው።

በደሚ ሎድ ደህና ሆኖ በአንቴና ከተበላሸ ሬዲዮውን ተወው፤ ችግሩ አንቴናው፣ የመብረቅ መከላከያው፣ ኮኔክተሩ ወይም ማማው ላይ የዛገ መጋጠሚያ ነው። በደሚ ሎድም ከተበላሸ ዱፕሌክሰሩን አውጣ፣ አስተላላፊውን በቀጥታ ወደ ደሚ ሎድ፣ ተቀባዩን በቀጥታ ወደ ጀነሬተሩ አገናኝ። አሁንም ከደነቆረ ሲግናሉ በሳጥኑ ወይም በኬብሉ እየሾለከ ነው። ካልደነቆረ ዱፕሌክሰሩ አይበቃም ማለት ነው። የትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ተጨማሪ ካቪቲ ተበደር። አስተላላፊው መስመር ላይ በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ ኖች አድርገህ ከተሻለ፣ ጥፋቱ የአስተላላፊው ጫጫታ ነው። ተቀባዩ መስመር ላይ በማስተላለፊያው ፍሪኩዌንሲ ኖች አድርገህ ከተሻለ፣ ተቀባዩ ነው የተጨናነቀው።

ጥያቄ፦ ፕሪአምፕ (ከተቀባዩ ፊት የሚገባ ማጉያ) ብጨምርስ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ሳትጨርስ በፍጹም። ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል።

ጥያቄ፦ ለውስጥ ማገናኛ ምን ኬብል ይሻላል? ኤልኤምአር-400 አለኝ።

መልስ፦ ኤልኤምአር-400ን ለሌላ ሥራ አስቀምጠው። አሉሚኒየም ፎይሉና የቆርቆሮ ቅብ ያለው የመዳብ ሽሩባው በንዝረትና በዕድሜ ሲፋጩ፣ በአንድ ኬብል ማስተላለፍና መቀበል አብረው በሚሄዱበት ቦታ ጫጫታ ይፈጥራሉ። በሳጥኑ ውስጥ ድርብ ሽሩባ ያላቸውን አርጂ-400፣ አርጂ-142 ወይም አርጂ-214 ተጠቀም፣ ወደ አንቴና ሄሊያክስ (ሽሩባ ሳይሆን ጠንካራ የመዳብ ቆዳ ያለው ኬብል)። ኤን ኮኔክተር አድርግ፤ አዳፕተር በአዳፕተር ላይ አትደርድር። አርጂ-58 ከሪፒተር ሳጥን ውስጥ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ኮንትሮለር (ሪፒተሩን የሚያዝ ሳጥን) ሳገናኝ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ሹል ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ? (የምትጠይቅ እህት ናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ድምፁን ከዲስክሪሚኔተሩ (የተቀባዩ የኤፍኤም ሲግናልን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ክፍል) ወስደሽ ወደ ማይክ መግቢያው አስገብተሻል ብዬ እገምታለሁ። ከዲስክሪሚኔተር የሚወጣው ድምፅ የተናጋሪው ሰው ሬዲዮ አስቀድሞ ከፍ ያደረገውን ሹል ድምፅ እንደያዘ ነው፤ የማይክ መግቢያው ደግሞ በየኦክታቭ 6 ዲቢ እንደገና ይጨምርበታል። ሁለት መንገድ አለሽ፦ ወይ ከዲስክሪሚኔተር ወደ ጠፍጣፋው የሞዱሌተር መግቢያ፣ ወይ ከተስተካከለው የድምፅ ማጉያ መውጫ ወደ ማይክ። ሁለቱን አትቀላቅዪ። ግልባጩን ካደረግሽ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ለዲኤምአር (ለዲጂታል ድምፅ) ሞደም የሚሠራው ግን ጠፍጣፋው መንገድ ብቻ ነው።

ከዚያ 1 ኪሎኸርዝ ቶን በ3 ኪሎኸርዝ ዲቪዬሽን ላኪበት፤ ከሪፒተሩ የሚወጣውም 3 ይሁን። የሲቲሲኤስኤስ ቶኑን (ሪፒተሩን የሚከፍተውን ዝቅተኛ ድምፅ) ከ500 እስከ 750 ኸርዝ ዲቪዬሽን ላይ አድርጊው፣ ጠቅላላው ከ5 ኪሎኸርዝ አይለፍ። የስኩዌልች ምልክቱንም (ሲግናል መምጣቱን ለኮንትሮለሩ የሚነግረውን) በሜትር እዪው፤ ሲግናል ሲመጣ ወደ መሬት የሚወርድም ወደ 5 ወይም 12 ቮልት የሚወጣም አለ። ከኮንትሮለሩ ጋር ካልተጣጣመ አንድ 2ኤን2222 ትራንዚስተርና በቤዙ ላይ 4.7 ኪሎኦም ረዚስተር ይገለብጠዋል።

ጥያቄ፦ 45 ዋት የመኪና ሬዲዮ ለአስተላላፊነት ብጠቀም?

መልስ፦ ከ15 እስከ 20 ዋት አውርደው፣ ፋን ሁልጊዜ ይዙርበት፣ የ3 ደቂቃ ማቆሚያ ሰዓት ይኑረው። 45 ዋት የተባለው ተናግረህ ለምታቆምበት አጠቃቀም ነው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ ልልክ አስቤያለሁ። የሚያስቸግር ነገር አለ?

መልስ፦ ሦስት ነገር አለ። ብዙዎቹ አሮጌ የአሜሪካ ጣቢያዎች ፌሮሬዞናንት ፓወር ሰፕላይ አላቸው። ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሩ ለ60 ኸርዝ የተዋቀሩ ስለሆኑ ከ220 ወደ 110 በሚቀንስ ትራንስፎርመር ብታገናኘውም በ50 ኸርዝ በትክክል አይሠራም፣ ይግላል። ከባዱን ሰፕላይ እዚያው ተውና 13.8 ቮልት የሚቀበለውን ሬዲዮ በባትሪና በቻርጀር አሠራው፤ መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም።

ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት (አይቲዩ) አከፋፈል በክልል 1 ስለሆነች ባንዱ ከ430 እስከ 440 ነው። እዚህ የ403–433 ወይም የ438–470 ዕቃ ባንዱን ከዳር ብቻ ይነካዋል። ሁለቱም ፍሪኩዌንሲዎችህ በዕቃው ክልል ውስጥ መግባታቸውን አረጋግጥ። የፍሪኩዌንሲ ልዩነቱም እንደየአገሩ ነው፤ በብሪታንያ 1.6፣ በጀርመን 7.6 ሜጋኸርዝ የተለመዱ ናቸው። ልዩነቱ 1.6 ከሆነ ትንሹ የመኪና ዱፕሌክሰር አይችለውም፣ ትልልቅ ካቪቲ ያስፈልጋል። በእስራኤልና በአውሮፓ ላላችሁም ይኸው ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ከመርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱን ጨርስ።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሪፒተር ለማቆም ምን ሕግ ልጠብቅ?

መልስ፦ የጥሪ ምልክትህ ቢያንስ በየ10 ደቂቃው ይውጣ፤ በሞርስ በራሱ የሚልክ መሣሪያ ከሆነ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ20 ቃል አይለፍ። ከአካባቢህ አስተባባሪ ጋር ፍሪኩዌንሲ ተመካከር፣ ምክንያቱም ሁለት ሪፒተሮች ሲጋጩ ችግሩን የመፍታት ዋናው ኃላፊነት በአስተባባሪው ዘንድ ባልተመዘገበው ላይ ይወድቃል። 70 ሴንቲሜትር ላይ እኛ ሁለተኛ ተጠቃሚዎች ነን፤ ቅድሚያው የመንግሥት ራዳር ነው። በ2007 በካሊፎርኒያው ቢልና በማሳቹሴትሱ ኬፕ ኮድ የአየር ኃይል ራዳሮች ዙሪያ ብዙ ሪፒተሮች ኃይል እንዲቀንሱ ተጠይቀዋል።

ጥያቄ፦ የማጉያው ትራንዚስተር ተቃጥሏል። ራሴ ልቀይረው?

መልስ፦ ቀይረው፣ ግን አሮጌውን አትስበረው፣ አትሞርደው፣ አትፋቀው። በነዚህ የኃይል ትራንዚስተሮችና በአንዳንድ ደሚ ሎዶች ውስጥ ያለው ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ አቧራው ሳንባን ይጎዳል። እንዳለ በፕላስቲክ ከረጢት አሽገህ ለአደገኛ ቆሻሻ ተቀባይ አስረክበው። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት የቀደመውን ምን እንዳቃጠለው ፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ የተዛነፈ ዱፕሌክሰር ወይም ውሃ የገባበት ኮኔክተር ነው። እሱ ሳይታረም አዲሱም አይቆይልህም።