«ሄልዝ ኤዱኬሽን ብማር ስራ አለው ወይ?» ላለችው እህት

ሰላም ለግሩፑ። ስሟን ደብቃ የጠየቀችው እህት፣ ቃሉ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ነኝ ደረጃ 4 አለኝ፣ ሄልዝ ኤዱኬሽን (የጤና ትምህርት) በዲግሪ ተምሬ በዚሁ ሙያ ማደግ እፈልጋለሁ፣ ስራ አለው ወይ፣ ደሴ ቅዳሜና እሁድ ሚያስተምር የግል ኮሌጅ ብገባስ፣ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ቼስ ሚሉት የአሜሪካ የጤና አስተማሪነት ሰርተፊኬትስ ይጠቅመኛል ወይ ብላ ነበር። ኮመንቱን ሳየው አብዛኛው ሰው "ተይው ስራ የለውም ነርሲንግ ግቢ" ብሎ ነው ያለፈው። እኔ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ጀምሬ፣ ማስተርሴን በሄልዝ ኤዱኬሽን ይዤ፣ አሁን ደሴ ላይ በዚሁ ሙያ እንጀራዬን እየበላሁ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል ግን አብሽሪ፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ስራ የለውም ሚሉሽ ሰዎች ውሸታቸውን አይደለም፣ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቆመው "የጤና ትምህርት ባለሙያ" ሚል ነው ሚፈልጉት፣ እሱን ደግሞ ብዙም አታገኚውም። ስራው ሌላ ስም ለብሶ ነው ሚወጣው። ኤንጂኦ ቤት ኤስቢሲሲ (የማህበራዊና የባህሪ ለውጥ ተግባቦት) ኦፊሰር ይሉታል፣ ወረርሽኝ ወይ መፈናቀል ሲመጣ አርሲሲኢ (የአደጋ ጊዜ ተግባቦትና የህብረተሰብ ተሳትፎ) ይሆናል፣ የውሃና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት ላይ ሀይጅን ፕሮሞተር፣ ክትባት ላይ ዲማንድ ክሬሽን (ሰው ክትባቱን እንዲፈልገው ማድረግ) ምናምን። አንዳንድ ሆስፒታል ውስጥ ሄልዝ ሊትረሲ (የጤና ግንዛቤ) ሚባል ክፍል አለ፣ ጠዋት ተመላላሽ ወረፋ ላይ ለተቀመጠው ሰው በማይክ ሚያስተምሩትን አይተሽ ይሆናል። ወረዳ ጤና ጽ/ቤትና ዞን ጤና መምሪያ ውስጥም ይሄንኑ ስራ ሚሰራ ሰው አለ። አሁን ልብ በይልኝ፣ እነዚህ ማስታወቂያዎች ተፈላጊ ችሎታ ሚለው ላይ ስትደርሺ ብዙ ጊዜ "በህብረተሰብ ጤና፣ በጤና መኮንን፣ በነርስ ወይም ተዛማጅ" ብለው ነው ሚጀምሩት፣ ሄልዝ ፕሮሞሽን ወይም ሄልዝ ኤዱኬሽን ማስተርስ ደግሞ ተመራጭ ያረጋል ይላሉ። ስለዚህ እኔ ምመክርሽ ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢው ነው፣ መጀመሪያ የሙያ ፈቃድ ሚያስገኝ ዲግሪ ያዢ (ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ ሚድዋይፍ፣ የቱም ቢሆን)፣ ከዛ በማስተርስ ወደ ሄልዝ ኤዱኬሽን ግቢ። ፈቃድ ያለው ሰው ፕሮጀክት ሲዘጋ ጤና ጣቢያ ተመልሶ ይሰራል፣ ፈቃድ የሌለው ቤቱ ነው ሚቀመጠው። ይሄ ነገር ከሁሉም በላይ ነው፣ ሌላውን ባታነቢውም ይሄን ያዢልኝ።

ይሄን ምልሽ ደግሞ ያየሁት ስላለ ነው። በ2017 ጥር ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ስንት ጎበዝ ሰው ነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ደብዳቤ የተሰጠው፣ ደሴ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ ሲቪ ሚያስተካክለው ሰው ብዛት ሌላ ነበር። ቶሎ የተነሱት ፈቃዳቸውን በየጊዜው ያሳደሱት፣ ሲፒዲ ሚባለውን ተከታታይ የሙያ ስልጠና ያላቋረጡት ናቸው። የፕሮጀክት ደሞዝ ጥሩ ነው አልክድም፣ ግን ኮንትራቱ አንዴ ለአመት አንዴ ለስድስት ወር ነው፣ እሱን አምኖ ቤት ሚሰራ ሰው ያሳዝነኛል።

የት ልማር ላልሽው፣ በዚህ ዘርፍ ስሙ የቆየው ጅማ ነው፣ ጎንደርና ባህርዳርም አላቸው፣ እዚሁ ቅርባችን ወሎ ዩኒቨርሲቲም የህብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሄልዝ ፕሮሞሽን ዲፓርትመንት አለ። የትኛው በዚህ አመት እንደሚቀበል ሬጅስትራር ደውለሽ ጠይቂ፣ የቴሌግራም ቻናል ወሬ አትስሚ። ለማስተርስ ከ2016 ጀምሮ ጋት ሚባለው የመግቢያ ፈተና መጥቷል፣ እሱን ሳታልፊ የትም አትገቢም፣ እንግሊዘኛውና ሂሳቡ ስራ ላይ ቆይቶ ለመጣ ሰው ትንሽ ይከብዳል፣ ዲግሪሽን እየጨረስሽ ቀስ እያልሽ ጀምሪው።

የግል ኮሌጁ። አይሆንም አልልሽም፣ ጥሩ ሚያስተምሩ አሉ፣ አብረውኝ ሚሰሩ ጎበዞችም ከዛ ወጥተዋል። ግን ብር ከመክፈልሽ በፊት ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ሄደሽ አጣሪ፣ ስታጣሪ ደግሞ "ኮሌጁ እውቅና አለው ወይ" ብቻ ብለሽ አትመለሺ፣ እውቅና ሚሰጠው በፕሮግራምና በካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ለነርሲንግ እውቅና አለው ማለት ደሴ ላለው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም፣ ቅዳሜና እሁድ ለሚሰጠው አለው ማለትም አይደለም። አንዲት የማውቃት ልጅ ሶስተኛ አመት ላይ ደርሳ ነው የተማረችበት ፕሮግራም እውቅና እንደሌለው የሰማችው፣ ወርቋን ሸጣ ነበር ምትከፍለው፣ ስሙን አልጠራም ግን ወላሂ እስካሁን ያናድደኛል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተናው አለ፣ ከ50 በታች ካመጣሽ ዲግሪ የለም፣ የመንግስትም የግልም ተማሪ እኩል ነው። ከዛ ሌላ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ጀምሮ ሚሰጠው የብቃት ምዘና አለ፣ ፈቃዱ የሚገኘው በሱ ነው። ስለዚህ ኮሌጁን ስትጠይቂ ህንጻውን ሳይሆን ያለፈው አመት ስንት ሰው አስፈትነው ስንት አሳለፉ በያቸው፣ ማይመልሱልሽ ከሆነ መልሱን አግኝተሻል። ልምምድ ሚያወጡት የት እንደሆነም ጠይቂ፣ ከየትኛው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ጋር ውል አላቸው? ወረዳችሁ በአፕግሬዲንግ (ሰራተኛውን ደረጃውን እንዲያሳድግ ማስተማር) ሚልክበት እድል ካለ ግን እሱን ጠብቂ፣ አንድ አመት ቢዘገይብሽም ደሞዝሽ ሳይቋረጥ መማር ቀላል ነገር አይደለም፣ በተለይ ልጅ ካለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ኮመንቱ ላይ ማንም ያልነካው። አንቺ እኮ ስራውን ጀምረሽዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 አካባቢ ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች አንዱ ራሱ የጤና ትምህርትና ተግባቦት ነበር፣ ሌሎቹም ያለሱ አይሄዱም። ማስተርስ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ልጆች ቲዎሪውን ከእኔ በላይ ሸምድደዋል፣ ግን ሰው ቤት ገብተው አያውቁም፣ አንቺ ግን የቀበሌሽን ሰው ቤት ለቤት ታውቂዋለሽ። የጎደለሽ ያየሽውን በስርአት ማጥናትና መለካት ነው፣ ዲግሪው ሚሰጥሽም እሱን ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ፣ ያንቺው ቃሉ ወረዳ ነው። ሀርቡ በታች ባለ ቀበሌ አጎበር ታድሏል፣ ትምህርቱም ተሰጥቷል፣ ግን ጥቅምትና ህዳር ላይ ወባው ወንዶቹን ይጥላቸዋል። ሪፖርቱ ላይ "የግንዛቤ እጥረት" ተብሎ ተጽፎ መጣ (ይሄን ሀረግ ማን እንደፈጠረው እንጃ፣ ምንም ነገር ሲያቅተን እሱን እንጽፋለን)። እናቶች ኮንፈረንስ ላይ ገንፎው ቀርቦ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ "ማታ አጎበሩ ውስጥ ማን ነው ሚተኛው?" ብለን ጠየቅን። አንዷ እናት ሳቀችብን። "እኔና ልጆቹ ነና፣ አባታቸውማ ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ አይደል ሚያድር" አለች። በቃ ነገሩ ይሄው ነበር፣ ማሽላው ሚደርሰው ወባው በሚነሳበት ወር ነው፣ ወንዱ ደግሞ ማሳ ላይ ነው ሚያድረው። ሰውየው ስለ አጎበር ከኔ እኩል ያውቃል፣ አጎበሩ ግን ቤት ነው ያለው እሱ ማሳ ላይ። ከዛ በኋላ ትምህርቱ ስለ ትንኝ መሆኑ ቀርቶ ማማው ላይ አጎበር እንዴት እንደሚታሰርና ትኩሳት ሲጀምረው እህሉ እስኪገባ ሳይጠብቅ እንዲመረመር ሆነ፣ መልእክቱንም ሼሁ ከጁምአ በኋላ እንዲናገሩት አደረግን፣ ምክንያቱም ወንዶቹ እናቶች ኮንፈረንስ ላይ አይመጡም። ኢንተርቪው ላይ "ስለ ፎርማቲቭ አሰስመንት ንገሪን" (ትምህርቱን ከማዘጋጀት በፊት ሚደረገው ጥናት ነው) ሲሉሽ እንዲህ አይነት ታሪክ ነው ሚፈልጉት፣ አንቺ ደግሞ ከዚህ ሚበልጥ እንዳለሽ እርግጠኛ ነኝ። ከአሁን ጀምረሽ ደብተር ላይ ጻፊው፣ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ምን እንደጠየቅሽ፣ ምን እንደተቀየረ።

ትምህርቱ ውስጥ ሄልዝ ቢሊፍ ሞዴል ሚባል ትማሪያለሽ፣ ሁሉም ለፈተና ይሸመድደዋል። አመጣጡን ግን ብታውቂ ትወጂዋለሽ፣ በ1950ዎቹ (በፈረንጅ ነው) አሜሪካኖች የቲቢ ራጅ በመኪና ጭነው ሰፈር ድረስ በነጻ አመጡ፣ ሰው ግን አልመጣም፣ ለምን አልመጣም ብለው ሳይኮሎጂስቶች ሲያጠኑ የተወለደ ሞዴል ነው። ሞዴሉ ስለ ሰውየው ሚጠይቀው ይሄን ነው፣ በሽታው እኔን አይዘኝም ብሎ ያስባል ወይ፣ ቢይዘኝ ከባድ ነው ይላል ወይ፣ ብሄድ ምን አገኛለሁ፣ ምንስ ያግደኛል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን አስቢው፣ የስጋ ደዌ ሆስፒታል ሆኖ ስለኖረ ዛሬ ለቆዳም ለአይንም "ቦሩ ሜዳ ሂድ" ሲባል ሚደነግጥ ሰው አለ። "ምንስ ያግደኛል" ሚለው ማለት እሱ ነው፣ ህክምናው ሳይሆን ሰው ያየኛል ሚለው።

ሌላ ከክፍል ማታገኚው ነገር፣ በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ህዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሰፍር እጅ መታጠብ አስተምሩ ተብለን ተላክን። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ቤተሰብ ተኝቶ፣ ውሃው በቦቴ አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ አይመጣም፣ ሳሙና የለም። አንድ አባት "ልጄ፣ እጅ መታጠብማ እናቴም አስተምራኛለች፣ ውሃውን አምጪ" አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዛ ቀን ጀምሮ ፖስተር ይዤ ከመግባቴ በፊት ጀሪካኑን ነው ምቆጥረው፣ ስብሰባ ላይም ውሃ ሳይኖር የትምህርት ኮታ እንዳይሰጠን ምከራከረው ለዚህ ነው። ይሄንንም የሙያው አካል አድርገሽ ያዢው፣ አስተማሪ ብቻ ሳትሆኚ የህዝቡን ጥያቄ ወደላይ ምትወስጂ አንቺ ነሽ። አለቃሽ ሁሌ ደስ አይለውም፣ እሱን ቻይው።

የእለት ስራው ምን ይመስላል ካልሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ ግማሹ ወረቀት ነው። ሪፖርት፣ ፕሮፖዛል፣ ቅድመና ድህረ ጥናት፣ የኤፍኤም ስክሪፕት። ሪፖርቱ በእንግሊዘኛ ነው ሚጻፈው፣ አማርኛሽ ጥሩ ሆኖ እንግሊዘኛሽ ደካማ ከሆነ ኦፊሰር ላይ ትቆሚያለሽ፣ ኮኦርዲኔተር አትሆኚም። ኤክሴልና ኮቦ (በስልክ መረጃ መሰብሰቢያው) ማወቅ ደግሞ አሁን ግዴታ ሆኗል፣ ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ።

መጨረሻ ላይ የጠየቅሽው ቼስ። እሱ የአሜሪካ ነው፣ ኤንቼክ ሚባል ድርጅት ነው ሚሰጠው፣ በሄልዝ ኤዱኬሽን ዲግሪ ያለው ወይም በዘርፉ 25 ክሬዲት ሰአት የወሰደ ሰው ነው ሚፈተነው፣ 165 ጥያቄ ነው፣ ካለፍሽ በኋላም በየአምስት አመቱ 75 ሰአት ተጨማሪ ትምህርት ይጠይቃል። እዛ አገር ባችለር ይዘው በሱ ይቀጠራሉ፣ ሙያው የራሱ መደብ ስላለው። እዚህ ግን ዞን ጤና መምሪያም ሆነ ኤንጂኦ ሲጠይቅ አላየሁም፣ ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። ወደዛ ምትሄጂ ከሆነ ያኔ ታስቢበታለሽ፣ እስከዛ ግን ሃላፊነት ብለው የዘረዘሯቸውን ስምንት ዘርፎች ድረገጻቸው ላይ በነጻ አንብቢያቸው፣ ፍላጎት ማጥናት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም እያለ ይሄዳል፣ ሲቪሽ ላይ የሰራሽውን በምን ቋንቋ እንደምትጽፊው ያሳይሻል። ብሩን ለጋት መዘጋጃና ለእንግሊዘኛ አውይው። ወረዳው በዚህ አመት አፕግሬዲንግ ኮታ ካለው ደግሞ ቀድመሽ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቂ፣ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ብዙ ቀን ላይሰጡ ይችላሉ።