ከሰል ማውጫ ልትቀጠር ላሰብክ ልጄ

አንድ አዲስ የተመረቀ የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ላይ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ሁን ተብያለሁ፤ ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ልግባበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ለእሱና ለመሰሎቹ ይህን ጻፍኩ።

ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ በደርግ ዘመን ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላክሁ። በዩክሬን የከሰል አውራጃ ዶንባስ ለልምምድ ጉድጓድ ስወርድ ከአንድ አንጋፋ ከሰል ቆፋሪ ጋር ተመደብኩ። የከሰሉ ጥላሸት ከሽፋሽፍቱ ሥር ስለማይለቅ፣ ታጥቦም ቢሆን ዓይኑ እንደ ወይዘሮ ዓይን የተኳለ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከምሳው ላይ ዳቦና በጨው የታሸ የአሳማ ስብ ቆርሶ ሰጠኝ። አሳማ እንደማልበላ ሲያውቅ፣ በማግስቱ ለእኔ ድንችና የተቀቀለ እንቁላል ይዞ መጣ። ረቡዕና ዓርብም እንቁላሉን አያስቀርም ነበር፤ ስለ ጾማችን ላስረዳው ግን አልሞከርኩም።

ከከሰሉ የሚወጣው ሜቴን የሚባል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከአየር ስለሚቀል ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ሰውየው መለኪያውን ክንዱ እስከደረሰ ከፍ አድርጎ ነበር የሚያነበው። ጋዙ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ፍንዳታው የተኛውን የከሰል ብናኝ ያስነሣል፤ ብናኙም በተራው ይቀጣጠላል፤ ከእሳቱ የተረፈውን ሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ ይጨርሰዋል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው።

እሱው አንድ ቀን የጋዝ መቆጣጠሪያውን በካፖርቱ ሸፍኖ አየሁት። ለምን አልኩት።

«ይኼ ከጮኸ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ማሽኑ ይቆማል። እኛ የሚከፈለን በቶን ነው» አለኝ።

ልጆች ለሚያሳድግ ሰው ምን ይባላል? ያን ቀን ያጣሁት መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ጉድጓዱ ፈንድቶ መሞቱን የክፍል ጓደኛዬ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ባሕር ዳር ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ የፍንዳታውን ምክንያት አይገልጽም ነበር። ኅዳር 8 ቀን 2000 ዓ.ም. እዚያው ዶንባስ፣ ዶኔትስክ ከተማ በሚገኘው የዛስያድኮ የከሰል ጉድጓድ 101 ሰዎች በሜቴን ፍንዳታ ማለቃቸውን ስሰማም በዓይኔ የመጣው ያ ካፖርት ነው።

የዛሬ ወጣት የሥልጠና ምስክር ወረቀት መሰብሰብ ይወዳል። ወረቀት የሚናድ ግድግዳ አይደግፍም! ደግሞ ልታዘባችሁ አልችልም፤ በእኛ ጊዜ አለቃን መጠየቅ ራሱ ነውር ነበር፤ እናንተ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ።

የእኛ አገር ከሰል በአብዛኛው አፈሩ ከላይ እየተገፈፈ ስለሚወጣ፣ ከጋዙ ይልቅ የሚያሰጋህ የግድግዳው መደርመስ ነው። ስለ ጫማና ስለ ቆብ አልነግርህም። ሁለት ነገር ጠይቃቸው፦ ግድግዳው ሲሰነጠቅ አዲስ አበባ ሳትደውል ሥራውን ማስቆም ትችላለህ? ሥራው በቆመበት ቀን የቀን ሠራተኛው ይከፈለዋል? ሁለተኛውን እንቢ ካሉህ የመጀመሪያው ፋይዳ የለውም፤ ስንጥቁን የሚደብቁህ እዚያው ሥር የሚቆፍሩት ራሳቸው ይሆናሉ። የሚሉህን ውሉ ላይ ያስፍሩት፤ ከመፈረምህ በፊትም ይዘኸው ና፣ አብረን እናነበዋለን።